በወደቀ ዛፍ ላይ ስለሚበቅሉ እንጉዳዮች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ አባላት ያሰሙት ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን በሚገባ ስለ አስረዱ፣ እኛ ደግሞ ብዙ ሰው አይቶት ስለሚያልፈው ነገር ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። ይኸውም በወደቀ ግንድ፣ በጉቶና በአጥር እንጨት ላይ እንደ መደርደሪያ ተደርድሮ የሚበቅለው ጠንካራ እንጉዳይ ነው። በበዓል ቀን የሚነገር ነገር አይደለም የሚል ቢኖር፣ ባለፈው ክረምት በምሥራቁ አጥራችን በኩል የወደቀውን ባሕር ዛፍ ያስታውስ። ዛፉ የወደቀው በሌሊት ስለ ሆነ ማንንም አልጎዳም። ነገር ግን ግንዱ የተጋደመው ታናናሾቻችን በየማለዳው በሚገቡበት መንገድ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተነሣውን ክርክር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በመስመሩ ላይ 17 ዛፎች ነበሩ፤ አንዱ ወድቆ 16 ቀሩ። ከወላጆች ከፊሎቹ «ልጆቻችን ሳይጎዱ ሁሉም ይቆረጡ» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዛፎቹ ከወጨጫ በኩል የሚመጣውን ነፋስ ባይከላከሉም አቧራውንና ፀሐዩን ይከላከላሉ፣ ደግሞስ አንዱ በነፋስ ቢወድቅ የቀሩት ምን አጠፉ? አሉ። መብረቅ ነው የጣለው ያለም ነበረ፤ ምስጥ ነው ያለም ነበረ። የባዮሎጂ መምህራችን ግን ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ወደ ክበባችን መጥተው፣ «እስኪ ሄዳችሁ ግንዱን እዩ፤ ያያችሁትን ብቻ ጽፋችሁ አምጡ» አሉን። ሄድን። በግንዱ እግር በኩል፣ ከሥሩ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ እንጀራ እንደ ታጠፈ በግማሽ ክብ የወጡ፣ በላያቸው ቡናማ ከበታቻቸው ነጭ የሆኑ አምስት እንጉዳዮች አገኘን። ትልቁ የስፋቱ ልክ 31 ሳንቲ ሜትር ነበር።

በሰፈራችን እንጉዳይን የጅብ ጥላ የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ጅብ ከሥሩ ተጠልሎ ያየ ሰው ባይኖርም፣ ስሙ ሰው ምን ያህል እንደሚፈራው ያመለክታል። ድሮ ሊቃውንት እንጉዳይን ከዕፅዋት ወገን ይቆጥሩት ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ግን ዊቴከር የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ሕያዋንን በአምስት መንግሥት ከፍለው ለእንጉዳይ ወገን የራሱን መንግሥት ሰጡት። ምክንያታቸውም እንጉዳይ እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ማዘጋጀት አይችልም፤ እንደ እንስሳም ውጦ በሆዱ አይፈጭም። ምግቡ ባለበት ገብቶ፣ የሚያሟሟ ፈሳሽ ከሰውነቱ አውጥቶ፣ የሟሟውን ይመጥጣል። የአካሉ ግድግዳም የተሠራው ካይቲን ከሚባለው ነገር ነው፤ ይህም የጢንዚዛን ቅርፊት የሚያጠነክረው ያው ነገር ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በግንዱ ላይ ወጥቶ የምናየው መደርደሪያ እንጉዳዩ ሁለንተናው አለመሆኑን ነው። ያ ፍሬው ነው። እውነተኛው አካል ከጠጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮች ሆኖ በእንጨቱ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል፤ ፍሬውን የሚያወጣውም ብዙ ጊዜ እንጨቱን ለዓመታት ከበላ በኋላ ነው። ስለዚህም እንጉዳዩን በመጥረቢያ አንኳኩቶ መጣል ዛፉን አያድነውም። ኮክ ለቅሞ የኮኩን ዛፍ ነቀልሁት እንደ ማለት ነው። በየአጥሩ ሥር ይህን የሚያደርጉ ደግ ሰዎች አይተናል፤ ከዚያ ይልቅ ምልክቱን ባያጠፉብን በወደድን ነበር።

ስለ አበላሉም ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። እንጨት በአብዛኛው የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባለው ነጭ ጭረትና ያንን አያይዞ ከሚያጠነክረው ሊግኒን ከሚባለው ነገር ነው። ጭቃ ቤት ሲሠራ እንጨቱና ጭቃው እንደሚያያዙ ማለት ነው። አንደኛው የእንጉዳይ ወገን ሊግኒኑን ጭምር ይበላል፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ይነጣል፣ እንደ ቃጫ ይሰነጠራል፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ይህ ነጭ ብስባሴ ይባላል። ሁለተኛው ወገን ሴሉሎሱን በልቶ ሊግኒኑን በብዛት ይተወዋል፤ እንጨቱም ቡናማ ይሆንና በአራት ማዕዘን እየተሰነጣጠቀ በጣት ሲያሹት ዱቄት ይሆናል። ይህም ቡናማ ብስባሴ ነው። የእኛ ግንድ በተቆረጠበት በኩል ስናየው ነጭና ቃጫማ ነበር። የምስጥ መንገድም አፈርም በውስጡ አልነበረም፤ ስለዚህ የምስጡ ክርክር በዚያው ቀን ተዘጋ።

ነገር ግን የሚከተለው ጥያቄ ከባድ ነበር። እንጉዳዩ ዛፉን ጣለው ወይስ ዛፉ በነፋስ ከወደቀ በኋላ እንጉዳዩ መጣበት? ወድቆ የሚበሰብሰውን እንጨት ብቻ የሚበላ እንጉዳይ ለቆመው ዛፍ አያሰጋምና፣ የቀሩት 16 ዛፎች ዕድል በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

መልሱን የሰጠን የእንጉዳዩ የራሱ ጠባይ ነው። መደርደሪያ መሰሉ እንጉዳይ ከበታቹ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ስፖር የሚባለው ዘሩ ይሠራል፤ ሲበስልም በገዛ ክብደቱ በቀዳዳው ወርዶ ነፋስ ይወስደዋል። ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወደ ምድር ካላመለከተ ስፖሩ ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ እንጉዳዩ እንደ ቱምቢ ሁልጊዜ ወደ ታች ያያል። ዛፉ ቆሞ ሳለ የበቀለ እንጉዳይ ዛፉ ሲወድቅ አብሮ ስለሚዞር፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ያያሉ። ከወደቀ በኋላ የበቀለው ግን፣ ግንዱ ቢጋደምም እርሱ ቀዳዳውን ወደ ምድር አድርጎ ይወጣል። በእኛ ግንድ ላይ አምስቱም ወደ ጎን ያዩ ነበር፤ ሁሉም ወደ ሥሩ አቅጣጫ። እንግዲህ ዛፉ ቆሞ፣ ቅጠሉ ለምልሞ፣ እኛም ከጥላው ሥር ቁጭ ብለን እያጠናን ሳለ እግሩ ይበላ ነበር ማለት ነው። ነፋሱ የፈጸመው ያለቀውን ሥራ ነው።

ግንዱን ሳይፈለጥ እንዲተውልን ለመንን፤ ተፈቀደልንም። ከውኃው ቧንቧ አጠገብ በጥላ ስለ ነበረ ርጥበት አልተለየውም፤ በየካቲት ግድም ከአሮጌዎቹ እንጉዳዮች በአንዱ ጫፍ ላይ አዲስ ነጭ ከንፈር ወጣ። ይህ ከንፈር ወደ ጎን መቀጠሉን ትቶ ታጥፎ ወደ ምድር ዞረ። አሮጌውና አዲሱ ዛሬ የአናጢ ማዕዘን መስለው ይታያሉ። በመጽሐፍ ያነበብነውን በዓይናችን ስናይ ደስታችን ትልቅ ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ኳስ ትተው ሊያዩ የመጡ የ7ኛ ክፍል ልጆችም ነበሩ። እንጉዳዩ ከዚህ ንግግር በኋላ በሳይንስ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ይታያል።

ስሙን ማወቅ ግን ሌላ ድካም ነው። የእንጉዳይ ስም በመልክ ብቻ አይወጣም። መጀመሪያ የተገኘበት ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሁን ጽድ ወይም ወይራ ይጻፋል፤ ከዚያም ከሥሩ ነው ከግንዱ ወይስ ከደረቀ ቅርንጫፍ የሚለው። ከበታቹ ቀዳዳ ነው ወይስ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደረ ስስ ሽፋን? ቀዳዳው በዓይን ይታያል ወይስ አጉሊ መነጽር ያስፈልገዋል? ቢላዋ ሲገባበት ሥጋው ምን ቀለም አለው? አንድ ዓመት ኖሮ የሚሞት ነው ወይስ በየወቅቱ ንብርብር እየጨመረ የሚኖር? የስፖሩን ቀለም ለማወቅ፣ እንጉዳዩን ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ በጎድጓዳ ሳህን ከድኖ ማሳደር ነው። ከኬሚስትሪ ክፍልም መምህራችን ባሉበት አንድ ጠብታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋው ላይ እናደርጋለን፤ ፌሊነስ የሚባሉት ወገኖችና ዘመዶቻቸው ወዲያው ይጠቁራሉ። ጠብታው ቆዳ ስለሚያቃጥል ያለ መምህር የሚነካ ሰው ከክበባችን ይወጣል። ሕጋችን ነው።

በዚህ መንገድ ሄደን የአጥራችንን እንጉዳይ ከጋኖደርማ ወገን መሆኑን አወቅን። ከላዩ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ከበታቹ ነጭ ነው፤ በጥፍር ሲጫሩት ወዲያው ይጠቁራል፤ ስፖሩም እንደ ካካዎ ዱቄት ቡናማ ሆኖ በአጠገቡ ያለውን ቅጠል ሁሉ ይሸፍናል። ቡለር የተባሉ የእንግሊዝ ተወላጅ ሊቅ፣ አንድ ትልቅ የዚህ ወገን እንጉዳይ በአንድ ቀን እስከ 30 ቢሊዮን ስፖር እንደሚያወጣ አስልተዋል። የወገኑን ስም ከነገርናችሁ በኋላ ሙሉ ስሙን የምትጠይቁን ብትኖሩ፣ ሆነ ብለን አልጻፍነውም። በአውሮፓ መጻሕፍት ያሉት ስሞች ለአውሮፓ እንጉዳዮች የወጡ ናቸው፤ የአፍሪካዎቹ በመልክ ቢመሳሰሉም ብዙ ጊዜ የሚለዩት ስፖራቸው በማይክሮስኮፕ ሲለካና በዘር ምርመራ ነው። ሙሉ ስም የሚያምር ቢሆንም ያልለካነውን አንጽፍም። በዓለም እስካሁን ስም የወጣላቸው የእንጉዳይ ወገኖች 150 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመ ግምት ግን በጠቅላላው ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ይሆናሉ ይላል። ስለዚህ በአገራችን ገና ስም የሚጠብቁ መኖራቸው አያጠራጥርም።

ከአጥራችን ወጥተን በኮልፌና በቀራንዮ መንደሮች ስንዞር አንድ ነገር አስተዋልን። በመጻሕፍት ሥዕል እንደምናየው በጫካ ውስጥ የተጋደመ ሻጋታም ግንድ በእኛ ሰፈር አይገኝም። ዛፍ ሲወድቅ በሁለት ቀን ተፈልጦ ምድጃ ይገባል፤ ቅርንጫፉንም ቅጠሉንም እናቶች በጀርባቸው ይወስዱታል። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ በዚያ እንጨት ከበሰለ ሽሮ እኛም በልተናል። ነገር ግን የከተማ እንጉዳይ የሚፈልግ ሰው ወደ ጉቶ፣ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ አሮጌ አጥርና ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሂድ። በተለይ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ ከአናቱ ለጋ ቅጠል ከጎኑ እንጉዳይ የያዘ ጉቶ ማግኘት ቀላል ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። እንግዳ ዛፍ ቢሆንም የአገሩ እንጉዳዮች እንግዳ ብለው አልማሩትም።

በአጥር እንጨት ላይ ከሁሉ የበዛው ስኪዞፊለም የተባለው ነው። መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም፤ ከላዩ ግራጫ ጠጉር አለው፤ ከበታቹ ያሉት ስስ ሽፋኖች በርዝመታቸው ለሁለት የተሰነጠቁ ናቸው። በበጋ ሽፋኖቹን አጥፎ ደርቆ ይቀመጣል፤ ዝናብ ሲነካው በጥቂት ሰዓት ተዘርግቶ ሥራውን ይጀምራል። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በፖስታ ውስጥ የቆየውን በሚያዝያ ውኃ ላይ ብናደርገው ተዘረጋ። ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛል። ሊቃውንት እንደሚሉት የዚህ እንጉዳይ ጾታ እንደ እኛ ሁለት ሳይሆን ከ20 ሺህ ይበልጣል። ይህን በቤታችን ስንናገር ያልሳቀ ሽማግሌ አላገኘንም።

እንደ ጥለት በክብ በክብ ቡናማ፣ ግራጫና ነጭ መስመር ያለው፣ ስስ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚታጠፈው ደግሞ ከትራሜቴስ ወገን ነው። ከመካከላቸው ባለ ብዙ ቀለሙን ሊኒየስ የተባሉት የስዊድን ሊቅ በ1753 ስም አውጥተውለታል። ከሁሉ ያስደነቀን ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በአለቃው ፈቃድ፣ በወደቀ አሮጌ ጽድ ላይ ያየነው ነው። ከላዩ እንደ ፈረስ ኮቴ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል፤ የተሰበረው ቁራጭ ውስጡ ግን እንደ ጡብ ቀይ ብርቱካናማ ነው። በጽድ ላይ ይህን የመሰለ ሥጋ ያለው ፓይሮፎሜስ የሚባለው ነው፤ የቆመውን ጽድ ልቡን እየበላ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። አለቃውም፣ «እኛ ጽድ አይነቅዝም ስንል ኖረናል፤ ለካ ከውስጥ የሚበላው አለ» አሉ። አነጋገሩ እውነት አለው፤ የተጠረበ የጽድ እንጨት ምስጥን በእጅጉ ይቋቋማልና። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል፤ በዚያ ያሉትን አሮጌ ጽዶች ለማየት የሚሄድ ሁሉ ሽቅብ ብቻ ሳይሆን የግንዱንም ጎን ቢያይ ይህን እንጉዳይ ይፈልግ።

አሁን ወላጆቻችን ሁሉ የሚጠይቁንን እንመልስ፦ ይበላል ወይ? ከእነዚህ አብዛኞቹ እንደ ጫማ ሶል ስለሚደርቁ ጥርስ አይገባባቸውም። ሌቲፖረስ የሚባል ቢጫና ብርቱካናማ ሆኖ ለስላሳ የሚበቅል አለ፤ በሌላ አገር ሰዎች ይበሉታል፣ ነገር ግን አንዳንዱን ሰው ሆዱን ያሳምመዋል። በአገራችን በደቡብ ምዕራብ ያሉት የመዠንግር ሰዎች የዱር እንጉዳይ ለይተው እንደሚመገቡ ኖቡኮ ቱኖ የተባሉ ጃፓናዊት ተመራማሪ በ2001 ጽፈዋል። ያ ግን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው፤ ከእኛ ክበብ የሁለት ዓመት ደብተር ጋር የሚወዳደር አይደለም። «በጨው ቀቅሎ ማየት» «ከብር ጋር ማብሰል» የሚባሉት መፈተኛዎች መርዙን አይለዩም። ስለዚህ ልጅ እንጉዳይ ይዞ ወደ ቤት ቢመጣ ወደ ሳይንስ ክፍል እንጂ ወደ ድስት አይሂድ። ለመድኃኒት ብለው ጋኖደርማን በሻይና በዱቄት የሚሸጡ አሉ፤ ከአጥር ላይ ነቅሎ ማፍላትን ግን ማንም ሐኪም አላዘዘም። እንጉዳይን ለሌላ ሥራ መያዝ አዲስ ነገር አለመሆኑንም እንጨምር፤ በ1991 በአልፕስ ተራራ በበረዶ ውስጥ የተገኘው የ5,300 ዓመት ሰው ሁለት ዓይነት የዛፍ እንጉዳይ ይዞ ነበር፤ አንደኛው ለእሳት መጫሪያ የሚሆን ነው።

ወደ አጥራችን እንመለስ። ከበሩ ጀምረን ዛፎቹን ቆጠርን፤ የወደቀው 9ኛው ነበር። የእያንዳንዱን እግር ዙሪያ በእንብርክክ አየን፤ ግንዱን በመዶሻ እጀታ መታን፤ ድምፁን ጻፍን። በ8ኛውና በ11ኛው እግር ያው ጋኖደርማ ተገኘ። ይህ እንጉዳይ በተነካኩ ሥሮች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሊተላለፍ ስለሚችል 8ኛውን ጠርጥረነው ነበር፤ ሲመታም እንደ ከበሮ ይጮኽ ነበር። ጽሑፋችንን ለዲሬክተራችን ሰጠን፤ እርሳቸውም ከተማሪ ወላጆች አንዱ የደን ባለሙያ ስለሆኑ ጠሩልን። ባለሙያው ግንዱን በቀጭኑ በስቶ እርሳስ የሚያህል እንጨት በሚያወጣ መሣሪያ ሁሉንም መረመሩ። በጥቅምት 8ኛውና 11ኛው ተቆረጡ። የ8ኛው ጉቶ መካከሉ ባዶ ሆኖ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። የ11ኛው ብስባሴ ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ይቆም ነበር የሚሉ አሉ። ይቆም ይሆናል፤ ነገር ግን ያዘነበለው ወደ 1ኛ ክፍል ጣራ ስለ ነበር እኛ በመቆረጡ አንጸጸትም። 14ቱ ቀርተዋል፤ ጥላቸውም አለ።

ከ14ቱ 13ቱ ደኅና ናቸው። ከበሩ 14ኛው ግን ከሰው ቁመት በላይ፣ ቅርንጫፍ በተቆረጠበት ቁስል ላይ፣ ትንሽ እንጉዳይ አውጥቷል። እግሩ ጤናማ ነው፤ ባለሙያውም ለጊዜው ይታይ እንጂ አይቆረጥ አሉ። በኅዳር 6 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በግንቦት 8 ሆነ። እኛ ከክረምቱ በፊት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ ስለዚህ የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እንደገና እንዲለኩት አደራ ብለናል። ደብተሩ በሳይንስ ክፍሉ በግራው መሳቢያ ነው፤ የመለኪያው ክርና መዶሻውም አብረውት አሉ። መሰላሉን ከጥበቃው ጋሼ ጠይቁ፤ ያለ ሁለት ሰው አትውጡ።